ሲሄዱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ አንድ ከአርባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ የመጡት ጥያቄዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ላይ ገጠሙ። ሁሉም ስለ ለንደንና ስለ ሮም ነው። መጀመሪያ ገረመኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ምኑ ይገርማል? ዛሬ ወሎ ውስጥ አንዱ ልጅ እዚያ ማዶ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያም ማዶ ያልሆነበት ቤት ስንት ነው? ስለዚህ አምዱን ለሁለቱ ከተሞች ሰጥቼዋለሁ። ስለ ደም ግፊት የጻፋችሁልኝ ትንሽ ታገሱኝ፤ እሱን ሐኪም ጓደኛዬ ይዞታል፣ እኔ የማውቀው ትኬት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ለንደን ነው የምትኖረው፣ ወንድሟ ደግሞ ሮም። ጥር ላይ ልታየው ትሄዳለች። ትኬቱን በስልክ ላከችልኝና የጎረቤት ልጅ አነበበልኝ። ከለንደን 10:00 ተነስታ ሮም 13:30 ትገባለች ይላል። ስትመለስ ከሮም 15:00 ተነስታ ለንደን 16:40። ልጁ ሲቆጥረው መሄጃው ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ መመለሻው አንድ ሰዓት ከአርባ። እንዴት ነው ነገሩ? አውሮፕላኑ ሲመለስ ሐረጎን ቁልቁል እንደ መውረድ ይሆንለታል? ወይስ ትኬቱ የውሸት ነው? ልቤ አላርፍ ብሎኛል። (እናት ነኝ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እናቴ፣ አብሽሩ። በሰዓቱ በኩል ትኬቱ ምንም ነውር የለበትም። ቁልቁለትም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው በለንደን ሰዓት ይጻፋል፣ መድረሻው በሮም ሰዓት። ሮም ደግሞ ሁልጊዜ ለንደንን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ልጅዎ ስትሄድ አንድ ሰዓት በነጻ ተጨመረባት፣ ስትመለስ ያችኑ አንድ ሰዓት መለሱላት። ከመሄጃው አንድ ቀንሱ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በመመለሻው ላይ አንድ ጨምሩ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ። እውነተኛው የጉዞ ጊዜ ይኸው ነው፣ ሄደም ተመለሰም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ።

የጎረቤት ልጅ ያላሰበው ሌላ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ሳይደምሩና ሳይቀንሱ፣ ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ አይተው ማወቅ ይችላሉ። በጥር ለንደን ላይ 10:00 ሲሆን ደሴ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ሮም ላይ 13:30 ሲሆን ደሴ ላይ 9 ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ልጅዎ የምትነሳው በእርስዎ ሰዓት በ7 ሲሆን የምትገባው በ9 ተኩል ነው። ስትመለስም 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ማታ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ትደርሳለች። አንድ ሰዓት፣ አንድ ግድግዳ። እዚያ ሰዓቱን ቢያዞሩትም ቢገለብጡትም የእርስዎ ግድግዳ አይዋሽም።

ለልጁ ደግሞ ዘዴውን ልንገረው፣ ደብተር ላይ ይጻፈው። በክረምታቸው፣ ማለትም ከእኛ ጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ፣ ከለንደን ሰዓት ላይ 3 ቀንስ፣ ከሮም ሰዓት ላይ 4። የሚቀረው በቀጥታ የሐበሻ ሰዓት ነው። በጋቸው ሲገባ ለንደን ላይ 4፣ ሮም ላይ 5 ትቀንሳለህ። ምክንያቱም ሁለቱም አገሮች በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሁድ ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ይገፉና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ይመልሱታል። እኛ አንነካውም፤ እኛ ዘንድ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በሰዓቷ ስለምትወጣ የሚገፋ ነገር የለም። ሁለቱ አገሮች የሚለውጡት በአንድ ቅጽበት ስለሆነ የአንድ ሰዓቱ ልዩነታቸው ግን መቼም አይነቃነቅም።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር የራሴን ጉድ ላውጣ። ፒያሳ አካባቢ ትኬት ቢሮ ስሠራ አንድ ሰውዬ መጡ። በረራቸው ማክሰኞ 02:00 ነው። እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ «ማክሰኞ 2:00» ብዬ ወረቀቱ ጥግ ላይ በትልቁ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፣ እንዳይረሱት ብዬ። ሰውዬውም አልረሱትም። ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ቦሌ ተገኙ። አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። በእኛ አቆጣጠር እኮ ያ በረራ ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ነበር! ቀናችን የሚጀምረው ከንጋት፣ የእነሱ ከእኩለ ሌሊት። ሰውዬው አልሰደቡኝም፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ትኬት ላይ ሁለቱንም ሰዓት ሳልጽፍ ሰው አላሰናበትኩም።

አሁን የቀረችው አሥር ደቂቃ ናት። ለምን መሄጃው 2:30 ሆኖ መመለሻው 2:40 ሆነ? ሁለት ነገር ነው። ከፍ ባለው ሰማይ ላይ በአውሮፓ በኩል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ወደ ሮም ሲኬድ በተወሰነ ደረጃ ይገፋል፣ ሲመለሱ ይጋፈጣል። ሁለተኛው ወረፋ ነው። ሂዝሮው የሚባለው የለንደን ኤርፖርት ማኮብኮቢያው ሁለት ብቻ ነው፣ የሚመጣው አውሮፕላን ግን ብዙ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከተማዋ ዙሪያ ባሉ አራት ቦታዎች ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው እየዞሩ ተራቸውን ይጠብቃሉ። መናኸሪያ በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሚኒባስ ያስቡ፣ ልዩነቱ ይሄኛው ቆሞ መጠበቅ አለመቻሉ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ድረ ገጽ ለንደን ሮም 1,434 ኪሎ ሜትር ይላል። ሌላው 1,444። የስልኬ ካርታ በመኪና ስጠይቀው 1,850 አካባቢ ይላል። የቱን ልመን? ደግሞ አውሮፕላን በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 1,444 ለ830 ሲካፈል አንድ ሰዓት ከ45 እንኳን አይሞላም። ቀሪውን 45 ደቂቃ የት አደረሱት? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ሦስቱንም እመን። የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው።

1,434 ከመሀል ለንደን እስከ መሀል ሮም ክር ወጥሮ እንደ መለካት ነው። 1,444 ከኤርፖርት ኤርፖርት ነው፣ ከሂዝሮው እስከ ፊዩሚቺኖ። ሂዝሮው ከለንደን በስተምዕራብ፣ ፊዩሚቺኖም ከሮም ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ስለሆነ አሥር ኪሎ ሜትር ይጨምራል። 1,850ው የመኪና መንገድ ነው።

አንተ ኮምቦልቻ እያለህ ይህን ከእኔ መጠየቅ አልነበረብህም ልልህ ነበር። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአስፋልት 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አይደል? በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናን ወጥተህ፣ ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ብርሃን። በሰማይ ግን ክር ብትወጥር 250 አካባቢ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ልዩነት ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። አሁን አስላው። የእኛ መንገድ ከክሩ በግማሽ ያህል ይረዝማል። የለንደን ሮም መንገድ ግን በመሀሉ ባሕርም የአልፕስ ተራራም እያለ የሚረዝመው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ለምን? ፈረንሳይ አብዛኛው ሜዳ ነው። አልፕስ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ተራራውን አይዞሩትም፣ ይበሱታል። በፈረንሳይና በጣሊያን መሀል ያለው የሞንት ብላንክ ዋሻ ርዝመቱ 11.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው የተከፈተው። ከላዩ ያለው ተራራ ከ4,800 ሜትር ይበልጣል፣ የእኛን ራስ ደጀን በሁለት መቶ ምናምን ሜትር ይቀድመዋል። ጣርማ በር ላይ ዋሻ የበሱትም እነዚያው ጣሊያኖች ናቸው፣ በወረራው ጊዜ፤ ግን እዚያ የተዉልን አንድ አጭር ዋሻ ነው። (ጭራሽ ባይመጡ ይሻል እንደነበር አውቃለሁ፣ እንዳትጽፉልኝ።)

ወደ 45 ደቂቃህ እንምጣ። 830 የሚለው ፍጥነት አውሮፕላኑ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀጥ ሲል ብቻ ነው። ትኬት ላይ ያለው ጊዜ ደግሞ ከበር እስከ በር ነው የሚቆጠረው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተገፍቶ ወጥቶ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ ማኮብኮቢያው ጫፍ እስኪደርስ ሂዝሮው ላይ ሩብ ሰዓትም ሃያ ደቂቃም ይፈጃል። ከዚያ ሽቅብ መውጣት፣ ያኔ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው። ከመድረሻው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ መውረድ ይጀምራል፣ እሱም ቀስ ብሎ። ካረፈ በኋላ እንደገና መንከባለል። ደግሞም ሰማይ ላይም መንገድ አለ፣ አብራሪው ደስ እንዳለው ክሩን ተከትሎ አይሄድም፣ ተቆጣጣሪዎቹ በሰጡት መስመር ነው። አየር መንገዶቹም «ዘገየ» እንዳይባሉ ጥቂት ደቂቃ ደበቅ አድርገው ይጨምሩበታል። አንዳንዴ «ከሰዓታችን ቀድመን ደረስን» ብለው ሲያውጁ ሰው ያጨበጭባል። የተደበቀችው ደቂቃ ናት የተመለሰችው።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውም በረራ እንዲሁ ነው። 250 ኪሎ ሜትር በ830 ቢካፈል ሃያ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። መጀመሪያ ነገር በዚህ መስመር የሚበረው ባለ ማራገቢያው አውሮፕላን ስለሆነ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፣ ሌላው ከላይ ያልኩህ ነው። መንገዱ ባጠረ ቁጥር መነሳቱና ማረፉ ጊዜውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነማ እህቴ ጠዋት ተነስታ ለምሳ ሮም ልትደርስ ነው ማለት ነው። ርካሽ ትኬትም አግኝታለች፣ ከስታንስቴድ ወደ ቻምፒኖ የሚል። ልትገዛው? (ከደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ርካሽ ከሆነ ትግዛ። ለምሳ ግን አትጠብቋት።

«ለንደን» የሚል ስም የያዙ ኤርፖርቶች ስድስት ናቸው፦ ሂዝሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲና ሳውዝኤንድ። ሮምም ሁለት አላት፣ ፊዩሚቺኖና ቻምፒኖ። ስታንስቴድ ከመሀል ለንደን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህ ማለት ከደሴ ተነስተህ ኮምቦልቻ ደርሰህ፣ ተመልሰህ ደሴ ገብተህ፣ እንደገና ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን መጀመር ነው። ባቡሩ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

እኔ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ለንደን የሄድኩ ጊዜ መመለሻዬን የአክስቴን ልጅ «ኤርፖርት አድርሰኝ» አልኩት። የቱ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፣ ኤርፖርት ኤርፖርት ነው ብዬ። ሂዝሮው ወስዶ አወረደኝ። ግንባሬን ይዤ ሰሌዳው ሥር ቆሜ በረራዬን ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ የለም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወረቀቴን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ስታንስቴድ ነበር። ከሂዝሮው እዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የታክሲው ዋጋ የትኬቱን እጥፍ ሆነ፣ አውሮፕላኑም አልጠበቀኝም።

እና የእህትህን ቀን አብረን እንቁጠር። ከቤት ኤርፖርት አንድ ሰዓት ተኩል። ቀድሞ መድረስ ሁለት ሰዓት፤ ይሄን የሚቀልዱበት አሉ፣ ግን የሻንጣ መቀበያው መስኮት እንደየአየር መንገዱ ከበረራው 40 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ተዘጋ ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል። ሮም ላይ የፓስፖርት ሰልፍ፣ በተለይ በእኛ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ አሻራና ፎቶ መውሰድ ስለተጀመረ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያዝለት። ከዚያ ወደ ከተማ። ቻምፒኖ ከመሀል ሮም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ነው። በፊዩሚቺኖ ቢሆን ኖሮ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀጥታ ባቡሩ በ32 ደቂቃ ተርሚኒ የሚባለው የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ያደርሳል። ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ስምንት ሰዓት ሞላ። ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ እንደ መሄድ ማለት ነው እኮ! ልዩነቱ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ፍርፍር የሚበላበት ደብረ ሲና የለም።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ላስረዳቸው ፈልጌ ነው። ለንደን ደሴት ላይ ናት፣ ሮም ደግሞ ዋናው ምድር ላይ። ታዲያ አውሮፕላን የፈራ ሰው በባቡር መሄድ ይችላል ወይ? (መምህር ነኝ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ይችላል፣ መምህር። አንድ ሙሉ ቀን ካለው።

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ዩሮስታር የሚባለው ባቡር ተነስቶ በሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ፓሪስ ይገባል። ባሕሩን የሚያልፈው ከሥሩ ነው። ዋሻው 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ ውስጥ 38ቱ ከባሕር በታች። እ.ኤ.አ. በ1994 ተከፈተ። ለተማሪዎችዎ ሲያስረዱ «ከሐይቅ ከተማ ደሴን አልፎ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ያህል የሆነ ዋሻ» ቢሏቸው ዓይናቸው ይፈጣል።

ፓሪስ ላይ ጣቢያ መቀየር ግድ ነው፣ ጋር ዱ ኖር ወርዶ ጋር ደ ሊዮን መሄድ። ከዚያ ሚላን ሰባት ሰዓት ገደማ። ከሚላን ሮም በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት። ሲደመር አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጠበቂያውን ሲጨምሩ አሥራ አራትም አሥራ አምስትም ይሆናል። ባቡሮቹ ሰዓታቸው ካልገጠመ መንገድ ላይ ማደር አለ። በነገራችን ላይ ያ የፓሪስ ሚላን መስመር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ተራራው ተንዶበት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ተዘግቶ ነበር፣ የተከፈተው በ2025 መጋቢት መጨረሻ ነው። ናዳ መንገድ የሚዘጋው እኛ አገር ብቻ ነው የምትሉ ስሙ። አውቶቡስም አለ፣ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። እሱን ለማንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሮም ነው ያለው፣ ሶጆርኖ (የጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ) አለው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። የአክስቱ ልጅ ለንደን ትዳራለችና «ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ሄጄ እመለሳለሁ» ይላል። ይፈቀድለታል? (ከወልዲያ)

መልስ፦ እህቴ፣ በአውሮፕላኑ በኩል ቅርብ ነው፣ በወረቀቱ በኩል ግን ሩቅ ነው። በሶጆርኖ ብቻ ለንደን አይገባም። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ (በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ውስጥ) ገብታ አታውቅም፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረትም ወጥታለች። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የእንግሊዝ ቪዛ ማውጣት አለበት፣ እዚያው ጣሊያን ሆኖ ማመልከት ይችላል። የጣሊያን ዜግነት ቢኖረው ኖሮ በስልክ የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ብቻ ይበቃው ነበር።

በግልባጩም ያው ነው። ለንደን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ሮም ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። (የሰኞ ገበያዋ እናቴ፣ ይህን ለልጅዎ ያንብቡላት። የእንግሊዝ ዜግነት ከሌላት ትኬቱን ከመግዛት በፊት ቪዛው ነው የሚቀድመው። ከገዛች ደግሞ ዛሬውኑ ታመልክት።) ሰዎች ትኬት ቢሮ መጥተው ኪሎ ሜትሩን ይጠይቃሉ፣ ሰዓቱን ይጠይቃሉ፣ ዋጋውን ይከራከራሉ። ቪዛውን የሚጠይቀው ከአሥሩ አንዱ ነው። በር ላይ የሚመለሱት ዘጠኙ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ግን የተመለሰ ሁሉ ከዘጠኙ ነው።

ሠርጉ መቼ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ሁለት ወር ከቀረው ያመልክት። ሳምንት ከቀረው ስጦታውን በሰው ይላክ።

ጥያቄ፦ ለንደን ላለች እህቴ ቅቤ፣ ቋንጣና ማር ልኬላት ነበር። አሁን ከዚያ ላይ ከፍላ ለሮሙ ወንድማችን ልትወስድለት ነው። ችግር አለው? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ቋንጣውና ቅቤው ለንደን ይቅሩ። ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ቅቤም የወተት ዘር ነው። አይብም እንደዚያው። ከተያዘ ይጣላል፣ የደሴ ቅቤ የሮም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ማየት ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው።

ማሩ እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ግን በእጅ ሻንጣ እንዳትይዘው! ፍተሻው ላይ ማር እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው። አዳዲስ ማሽን ያስገቡ ኤርፖርቶች ሕጉን እያላሉት ቢሆንም በብዙ ቦታ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይታለፍም። በትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ ክዳኑ በፕላስተር ታስሮ፣ በፌስታል ተጠቅልሮ፣ ከዚያ በሌላ ፌስታል። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። በርበሬውን ግን በደንብ ትጠቅልለው፣ ሻንጣ የሚከፍተው ፈታሽ ካስነጠሰው ጥያቄው ይበዛል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ረመዷን ላይ በማታ በረራ ከለንደን ሮም ሊሄድ ነው። የሚያፈጥረው በለንደን መግሪብ ነው ወይስ በሮም? አየር ላይ እያለ ቢመሽስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሑክሙን (የሃይማኖቱን ብይን) ለሼሆቹ ትቼዋለሁ፣ የዕውቀት ቤት ባለበት ከተማ ተቀምጬ በእሱ አልደፍርም። ስለ ፀሐይዋ ግን ልንገርህ፣ ምክንያቱም የእናታችን የአንድ ሰዓት እንቆቅልሽም መነሻው እሷው ናት።

ሮም ከለንደን በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ቀኑና ሌሊቱ እኩል በሚሆንበት በማርች ወር አካባቢ ፀሐይዋ ሮም ላይ ከለንደን 50 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። ጓደኛህ ወደ ሮም እየበረረ ከሆነ ወደ ማታው እየሄደላት ነው፣ ጾሙ ያጥራል። ሲመለስ ከፀሐይዋ ኋላ ኋላ እየሮጠ ነውና ይረዝምበታል።

ግን ደግሞ ከፍታ አለ። ደሴ ከተማው ጥላ ሆኖ ፒያሳ መብራት ሲበራ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ያለ እረኛ ገና ፀሐይ ያያል አይደል? 11 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ደግሞ የበለጠ ያያል፣ ከሥሩ ያለው መንደር ካፈጠረ ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይታ ነው ለእሱ የምትጠልቀው። ስለዚህ በስልኩ ላይ ያለው የሮም መግሪብ ደርሶ በመስኮቱ ብርቱካናማዋ ፀሐይ አሁንም ቁልጭ ብላ ብትታየው ስልኩ ተበላሸ እንዳይል። መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ቀድሞ ይያዝ፣ ሲሄድ በቀኝ በኩል ያለውን፣ ምዕራቡ በዚያ ነው።

ቴምሩን በትልቁ ሻንጣ አያስገባው፣ ኪሱ ውስጥ ያድርገው። ፈሳሽ አይደለምና ፍተሻው ላይ ማንም አይነካበትም። ውሃውን ካለፈ በኋላ ይግዛ።